ከኤፒ ታሪክ የምንጠብቀው ሌላ፣ የሚጠየቀው ሌላ

አሜሪካ ባለ የሐበሻ ቤት ልጅ «ኤፒ ካልኩለስ ያዝኩ» ሲል ፊት ሁሉ ይፈካል። «ኤፒ ባዮሎጂ» ካለማ ዶክተርነቱ ያለቀለት ጉዳይ ነው። «ኤፒ የአሜሪካ ታሪክ» ሲል ግን ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ አንዱ «እሱማ ንባብ ነው፤ አምስት አያቅትህም» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል።

ይቺ አባባል ታናድደኛለች። ሁለት ስህተት በአንድ ትንፋሽ ይዛለች። ኮርሱ ንባብ ብቻ አይደለም። አምስት ማምጣትም የልጁ ስኬት ዋና መለኪያ አይደለም። እኛ ከዚህ ኮርስ የምንጠብቀው ጥሩ ሸምዳጅ ነው። ኮርሱ የሚፈልገው ተከራካሪ ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ኤፒ (አድቫንስድ ፕሌስመንት) ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።) የአሜሪካ ታሪኩን ልጆቹ «ኤፑሽ» ይሉታል። ብዙዎቹ 11ኛ ክፍል ላይ ይወስዱታል። ኮሎምበስ ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከ1491 ይነሳና እስከ ዛሬ ይዘልቃል። ሜይ ላይ ፈተና አለ። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ ከፍተኛው 5 ነው።

ፈተናው ሦስት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። 55 የምርጫ ጥያቄ በ55 ደቂቃ ይሠራል፤ እሱ 40 በመቶ ይይዛል። ሦስት አጫጭር የጽሑፍ መልሶች 20 በመቶ ናቸው። ከዚያ ሰባት ሰነድ ይሰጥና በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ድርሰት ይጻፋል፤ ይሄ «ዲቢኪው» የሚባለው 25 በመቶ ነው። የቀረው 15 በመቶ ሰነድ የሌለው ሌላ ድርሰት ነው። ደምሩት። ከመቶው 60 የሚጻፍ ነው። ምርጫውም ቢሆን «ሊንከን መቼ ተመረጠ?» አይልም። አንድ አንቀጽ፣ ካርታ ወይም ካርቱን ያስቀምጥና ከዚያ ተነስተህ አስብ ይላል።

የወላጅ ልምድና የልጅ ፈተና የሚተላለፉት እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን የአሜሪካን ታሪክ የተማርነው ለዜግነት ፈተና ነው። መቶዋን ጥያቄ ስልክ ላይ ጭነን፣ ሥራ ላይ በእረፍት ሰዓት ሸመደድናት። አሥር ተጠየቅን፣ ስድስት መለስን፣ አለፍን። (ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ጠጠር ብሏል። ጥያቄው 128 ሆኗል፤ ከሚጠየቁት 20 ውስጥ 12 መመለስ ይጠይቃል።) ሊንከን ያወጣው የነጻነት አዋጅ ምን አደረገ? ባሮችን ነጻ አወጣ። አለቀ።

ኤፑሽ ላይ በዚህ መልስ ሩቅ አይኬድም። በጃንዋሪ 1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሐል የወጣው አዋጅ ነጻ ያለው ባመጹት ግዛቶች ያሉትን ባሮች ነው። ከሰሜኑ ጋር በቆዩት በሜሪላንድና በኬንታኪ ያሉትን አልነካም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ልጅ ይሄን ሲሰማ ቀና ይላል፤ ሜሪላንድ ማለት እኮ ሰፈሩ ነው። ጥያቄዎቹም ይከተላሉ። ታዲያ ሊንከን አዋጁን ለምን አወጣው? ለጦርነቱ ስልት ነው ወይስ ለፍትሕ? ባሮቹ ራሳቸው ከእርሻው እየጠፉ ወደ ሰሜን ጦር መጉረፋቸው እጁን ጠምዝዞታል ወይ? አንድ ትክክለኛ መልስ የለም። ልጁ አቋም ይይዛል፣ ማስረጃ ይደረድራል፣ የተቃራኒውን ወገን ነጥብም አይቶ ይመዝናል።

የዲቢኪው አስተራረም ግልጽ ነው። ከሰባት ይታረማል። አንዱ ነጥብ አቋምን በግልጽ ለማስቀመጥ ነው። አንዱ ጉዳዩ በምን ዘመንና ሁኔታ እንደተነሳ ለማሳየት። ሦስቱ ለማስረጃ ሲሆኑ ከእነሱ አንዱ ከሰነዶቹ ውጭ ከራስ እውቀት ለሚመጣ ነው። ሁለቱ ለትንተና ናቸው። ሰነዱን ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ የሚለው እዚህ ይገባል። የመጨረሻዋ፣ ጉዳዩን በውስብስብነቱ ላሳየ የምትሰጠው ነጥብ፣ ለጎበዞቹም ቀላል አይደለችም።

ለተዋበ እንግሊዝኛ ግን የተመደበ ነጥብ የለም። አራሚው ሐሳቡ እስከገባው ድረስ የሰዋስው ስህተት ነጥብ አያስቀንስም። ከመጣ ሦስት አራት ዓመት የሆነው ልጅ ይሄን ማወቅ አለበት። «እንግሊዝኛዬ ገና ነው» ብሎ ከኮርሱ የሸሸ ስንቱ ነው!

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የታሪክ ክርክር እኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ሁለት ሰው ከተገናኘ ምኒልክ ይነሳል፣ ኃይለ ሥላሴ ይነሳል፣ ደርግ ይነሳል። ድምፅ ከፍ ይላል። ግን አንዱ «ይሄን ከየት አገኘኸው? ማን ነው የጻፈው?» ካለ እንደ ስድብ ይቆጠርበታል። ልጁ ይሄን ሁሉ ጥግ ይዞ ያያል። በዚያ ላይ ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም ተብሎ ነው ያደገው። ክፍል ሲገባ ደግሞ «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» ብሎ የጻፈውን፣ መቶ ምናምን ባሮች የነበሩትን ጀፈርሰንን ፊት ለፊት ጠይቀው ይባላል። ይከብደዋል። ስንፍና አይደለም። ሌላ ዓይነት ድፍረት ነው የተጠየቀው።

በሌላ በኩል የኛ ልጆች ብዙም የማይነኩት ሀብት አላቸው። ያቺን «ከሰነዶቹ ውጭ» የምትለዋን ነጥብ አስቡ። በኦገስት 1935 ኮንግረስ የገለልተኝነት ሕግ አወጣ። ኦክቶበር ላይ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን ሥራ ላይ አዋለው። ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ። ነዳጅ ግን አልተከለከለም። ጣሊያን መሣሪያውን ራሷ ትሠራለች፤ ከውጭ የሚያስፈልጋት ነዳጅ ነው። ኢትዮጵያ ያጣችው መሣሪያ ነው። ታዲያ ይሄ ገለልተኝነት ነው? በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ሰልፍ ወጥተዋል፣ ገንዘብ አዋጥተዋል። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል መርቷል። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ስለነበረው የአሜሪካ የውጭ ፖሊሲ ድርሰት ሲመጣ ይሄን የሚጽፍ ልጅ አራሚውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል።

የስደተኛ ሕጎችም አሉ። የ1924ቱ ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲያወጣ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነው። የ1965ቱ ያንን የኮታ ሥርዓት አፈረሰ። የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል ለመጡት ብዙዎች በር ከፈተ። የ1990ው ደግሞ ዲቪን ወለደ። እናት በዲቪ መጥታ ከሆነ የመማሪያው የመጨረሻ ምዕራፍ እሷ ናት ማለት ነው። እርግጥ ከ1980 ወዲህ ያለው ዘመን ፈተናው ላይ ከ4 እስከ 6 በመቶ ብቻ ነው። በዲቪ ብቻ ኤፑሽ አይታለፍም።

ስለ ቁጥሯ እንነጋገር። በ2023 ኤፑሽ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ያመጡት ከግማሽ በታች ነበሩ። በ2024 በአንዴ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሆኑ። ልጆቹ በአንድ ዓመት እንዲያ ጎብዘው አይደለም። ኮሌጅ ቦርድ የነጥቡን መቁረጫ የሚወስንበትን መንገድ ለወጠ። ድርጅቱ ተመሳሳይ ተማሪዎች ኮሌጅ ገብተው የሚያመጡትን ውጤት አይቼ ነው ይላል። ተቺዎቹ ነገሩን አቅልሎታል ይላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቤቱ ነገር ነው። ታላቅ እህት በ2022 ሦስት አምጥታ፣ ታናሽ ወንድም በ2025 አራት ቢያመጣ ማን በለጠ? አይታወቅም። እሷን «ታናሽሽ እንኳ በለጠሽ» ማለት ግፍ ነው። እኛ ደግሞ ይቺን ማለት እንወዳለን።

አምስትስ ምን ያስገኛል? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት ክሬዲት ይሰጣሉ። ሌሎቹ አይሰጡም። ዳርትመዝ ኮሌጅ ለኤፒ ውጤት ክሬዲት መስጠት ካቆመ ዓመታት ሆኗል። 11ኛ ክፍል የተፈተነ ልጅ ውጤቱ የሚደርሰው ጁላይ ላይ ነው። ለኮሌጅ ሲያመለክት ብዙውን ጊዜ ውጤቱን መግለጽ አለመግለጽ የራሱ ምርጫ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የዓመቱ ግሬድ ግን አይደበቅም። በሜይ አንድ ጠዋት ፈተና ለመጣች ቁጥር ቤት የሚረበሽበት ምክንያት አይታየኝም። ኮሌጅ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስምንት ገጽ ጻፍ ሲባል እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ካገኛችሁ፣ ሦስትም ያምጣ፣ ኮርሱ ሥራውን ሠርቷል። ነርሲንግም ቢገባ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስም ቢገባ ይጠቅመዋል። ሕግ ከገባማ አትጠይቁኝ።

ይሄን ስል ኮርሱ ለሁሉም ነው እያልኩ አይደለም። በሳምንት የሚነበበው ብዙ ነው። አራት ኤፒ በአንድ ዓመት የተጫነበት፣ ማታ ወላጁ ሱቅ የሚያግዝ ልጅ ኤፑሽ ላይ ቢደክም አይፈረድበትም። ከአራቱ አንዱን ማውረድ ሽንፈት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «የኔ ስድስት ኤፒ ይዟል» መባባሉን ማቆም ደግሞ የወላጆች የቤት ሥራ ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ እሱ ይብሳል እላለሁ። ከልጁ ገና ከመነሻው ምንም አይጠበቅም። ስሙን አይተው፣ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል እንደነበር አይተው «ተራው የታሪክ ክፍል ይበቃሃል» የሚሉ ካውንስለሮች (የትምህርት ቤት አማካሪዎች) አሉ። በቀና ልብ የሚሉት ብዙ ናቸው። ወላጅም አመስግኖ ይወጣል። «ለምን? ምን አይታችሁ ነው?» ማለት ነውር አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤት ልጁና ወላጁ ከፈለጉ ያስገባል። መጠየቅ ብቻ ነው። የፈተናው ክፍያ 100 ዶላር ገደማ ነው። የምሳ ድጎማ የሚያገኝ ቤተሰብ ቅናሽ አለው፤ ሙሉውን የሚከፍሉ የትምህርት ወረዳዎችም አሉ። ምዝገባው ኖቬምበር ላይ ስለሚዘጋ ፈተናው ሜይ ነው ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ያለፉ ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነተማሪዎቹ መልስና ከነአስተራረማቸው ኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተቀምጠዋል። ቱተር ፍለጋ ከመሮጥ በፊት እነሱን ማየት ይቀድማል።

እናም መስከረም ላይ ወላጆች ትምህርት ቤት ሲጠሩ መምህሩን «ልጄ ስንት ያመጣል?» አትበሉት። ገና በመጀመሪያው ወር ምን ብሎ ይመልስላችኋል? «በወር ስንት ጊዜ ይጽፋል? የጻፈውንስ ማን አርሞ ይመልስለታል?» በሉት። ዓመቱን ሙሉ ምርጫ ብቻ አሠርተው ድርሰቱን ማርች ላይ የሚጀምሩ ክፍሎች አሉ። እዚያ ልጁ ክፍል ውስጥ ኤ ያገኛል፣ ከሜይ ፈተና ሁለት ይዞ ይመጣል። ያኔ የሚጠየቀው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም ነው። መምህሩ «በየሁለት ሳምንቱ ይጽፋል፣ አርሜ እመልሳለሁ» ካለ አመስግናችሁ ውጡ። «ገና ነው፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ እንደርስበታለን» ካለ ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ተቀበሉና ኦክቶበር ላይ መልሳችሁ ደውሉ።