ለቀዝቃዛ ፉርጎ የትኛው በር ይሻላል? የአንድ ሸሚኖና የአንዲት መሐንዲስ ክርክር

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሥጋና ፍራፍሬ የሚያደርስ፣ ከጅቡቲም ወደ ላይ የቀዘቀዘ ሸቀጥ የሚያመጣ ማቀዝቀዣ ያለው ፉርጎ ቢነደፍ፣ የጎን በሩ እንዴት ይገጠም? በማጠፊያ ተንጠልጥሎ እንደ ቤት በር ይከፈት? ወይስ ከመቃኑ ወጥቶ በሐዲድ ላይ ይንሸራተት? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት የድሬዳዋ ነዋሪዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንዷ የሜካኒካል መሐንዲስ ናት። ሌላው ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በፉርጎ ጥገና ያሳለፉ ጡረተኛ ሸሚኖ፣ ማለትም የባቡር ሠራተኛ፣ ናቸው።

መሐንዲሷ፦

ጋሼ፣ ክርክሬን የምጀምረው ከአየር ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ፣ በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሳይገጥም ከቀረ፣ የቀዘቀዘው አየር በደፉ በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ሞቃቱና እርጥቡ አየርም በጉበኑ በኩል ይተካዋል፤ ይህም ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ አይቆምም። ስለዚህ የበሩ አገጣጠም ከሁሉ በፊት መመዘን ያለበት ጎማውን በአራቱም ጎን እኩል መጫን በመቻሉ ነው። ባለማጠፊያ በር በዚህ ይቸገራል። በአንድ ጎኑ ዞሮ ስለሚዘጋ በማጠፊያው በኩል ያለው ጎማ ቀድሞ ይጨፈለቃል፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥርም ይታሻል። በመቀርቀሪያው በኩል ያለው ግን መቃኑን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። እየዋለ እያደረ አንዱ ጎን ያልቃል፣ ሌላው እንደ አዲስ ይቆያል።

እኔ የምደግፈው በር እንደ ጠርሙስ ውታፍ መቃኑ ውስጥ ገብቶ የሚደፍን ስለሆነ ውታፍ በር ብዬ ልጥራው። በበሩ ላይ ከታች እስከ ላይ ሁለት ዘንጎች ቆመዋል። እጀታው ሲዞር ዘንጎቹ በማርሽ አማካይነት አብረው ይዞራሉ፤ በጫፎቻቸው ያሉት ክንዶችም በሩን ቀጥ አድርገው ከመቃኑ ያወጡታል። ከዚያ በኋላ በሩ ከሥሩ ባለው ሐዲድ ላይ፣ ኩሽኔታ ባላቸው ትንንሽ መንኮራኩሮች፣ የፉርጎውን ግድግዳ ተጠግቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ሲዘጋ ክንዶቹ አራቱንም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ስለሚገፉ ጎማው ከየትኛውም ጎን ተነጥሎ አይጎዳም።

የአሜሪካ ባቡሮች ታሪክም ይህን ያሳያል። በበረዶ ብሎክ የሚቀዘቅዙት የድሮ ፉርጎዎቻቸው ለረጅም ዘመን ባለሁለት ክንፍ ባለማጠፊያ በር ነበራቸው፤ የበሩም ስፋት በአብዛኛው 1.2 ሜትር ገደማ ነበር። በሰው ትከሻ ለሚጫን ሣጥን ይህ ይበቃል። ፎርክሊፍትና ዕቃ ተደርድሮ የሚነሳበት ፓሌት ሲመጡ ግን ጠበበ፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰፊ ውታፍ በር ያላቸው ፉርጎዎች ቦታውን እየያዙ ሄዱ። በዚያ ላይ ባለማጠፊያ በር ከፉርጎው ጎን አንድ ሜትር ያህል ወጥቶ ስለሚዞር፣ ፉርጎው ከመጫኛው መድረክ ጋር ተጠግቶ ከቆመ በኋላ ሊከፈት አይችልም። አስቀድሞ ተከፍቶ መምጣት አለበት፤ በዚያች ጊዜ የሚወጣውን ቅዝቃዜ ማንም መልሶ አያገኘውም።

ሸሚኖው፦

ልጄ፣ ስለ ጎማው ያልሽው እውነት ነው። ነገር ግን የገለጽሽው መጥፎ ማጠፊያ ያለውን በር ነው። የማጠፊያው ፒን የሚገባበት ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ጥቂት ሚሊሜትር የረዘመ ከሆነ፣ ማጠፊያው የበሩን ክብደት ብቻ ይሸከማል፤ በሩን ወደ መቃኑ የሚስቡት ደግሞ የመቀርቀሪያ ዘንጎች ይሆናሉ። ያን ጊዜ በሩ ሲዘጋ ዞሮ ይመጣና በመጨረሻዋ ጣት ስፋት ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል። አንቺ በማርሽና በክንድ ያመጣሽውን እኩል ጫና እኔ በአንድ ረዘም ያለ ቀዳዳ አመጣዋለሁ።

ማስረጃ ከፈለግሽ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነርን ተመልከቺ። በመርከብ ተጭኖ ሳምንታት በጨው ውሃ ላይ የሚቆየው ያ ሣጥን በስተኋላው ያለው በር ባለሁለት ክንፍ ባለማጠፊያ ነው፤ የሚዘጋውም ከላይና ከታች በሚነክሱ የመቀርቀሪያ ዘንጎች ነው። ማጠፊያ ቅዝቃዜ መያዝ የማይችል ቢሆን ኖሮ ዓለም የበረዶ ዓሣውን በእርሱ አያጓጉዝም ነበር።

አሁን ወደ መንገዳችን ልምጣ። ከዚህ ወደ አይሻ ሲወረድ ያለውን አገር ታውቂዋለሽ፤ ደረቅ፣ ነፋሻማ፣ አቧራማ ነው። የውታፍ በርሽ ክብደት በሙሉ ያረፈው ከበሩ ሥር ባለ ሐዲድ ላይ ነው፤ ያ ሐዲድ ደግሞ ከባቡሩ መንኮራኩሮች የሚነሳው ደቃቅ አሸዋ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አሸዋ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል። እኔ በሥራ ዘመኔ ተንሸራታች በር ያላቸውን ተራ ፉርጎዎች ጠግኛለሁ፤ የደረቀ ኩሽኔታ አንድ ጎን ይዞ በሩ ሲጣመም፣ ጫኞች በብረት ዘንግ ሲፈለቅቁት፣ በተፈለቀቀበት በኩል ላሜራው ሲጎብጥ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ የጎበጠ የበር ጠርዝ ጎማውን ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አይነካም። ቀዝቃዛ ያልሆነ ፉርጎ ላይ ይህ ቀላል ጉዳት ነው፤ ቀዝቃዛው ላይ ግን ጭነቱን ያበላሻል።

ክብደቱንም እናስላ። አንድ ክንፍ 200 ኪሎ ቢመዝን፣ ስፋቱ 1 ሜትር ቢሆን፣ የላይኛውና የታችኛው ማጠፊያ በ2 ሜትር ቢራራቁ፣ የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ጎን የሚጎትተው ኃይል 50 ኪሎ ብቻ ነው። ይህን የሚችል ማጠፊያ ድሬዳዋ ውስጥ ቶርኖና ብየዳ ያለው ሰው ይሠራዋል። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ብረት መቀጥቀጥና መግጠም ከወርክሾፕ የተማረች ከተማ ናት። የማርሽ ሣጥን ጥርስ ሲሰበር ግን መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ፉርጎው ተገትሮ ይቆማል።

መሐንዲሷ፦

የተራዘመውን ቀዳዳ እቀበላለሁ፤ ጥሩ መፍትሔ ነው። በኮንቴይነሩ ላይ ግን አንድ ልዩነት ልጠቁም። የኮንቴይነር በር የተገጠመው በጫፉ፣ አራት ማዕዘን ጠንካራ ክፈፍ ላይ ነው። የፉርጎው በር የሚቆረጠው ረጅሙ ጎን መሐል ላይ ነው። ባዶ ፉርጎ ሲጫን መሐሉ በጥቂቱ ይረግባል፤ በዚያ ጊዜ የመቃኑ ማዕዘኖች ትክክለኛነታቸውን ያጣሉ። ማጠፊያው ከተዘመመ መቃን ጋር አብሮ ሲዘምም የክንፉ ጫፍ ይወርዳል፣ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት የመሐል መስመርም ይከፈታል። ይህን የመሐል መስመር ልብ ይበሉልኝ፤ ባለሁለት ክንፍ በር ከውታፍ በር ይልቅ አንድ ተጨማሪ የጎማ መስመር አለው፣ እርሱም በጣም ደካማው ነው።

ሁለተኛው ነገር ቡሎኑ ነው። ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ግድግዳው ውስጥ ከሚሞላው የፖሊዩረቴን አረፋ በ2,000 እጥፍ ገደማ በልጦ ነው። ባለ16 ሚሊሜትር ቡሎን አግድም ቢቆረጥ የክብ ፊቱ ስፋት 2 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳውን በስቶ ከውስጠኛው ላሜራ ጋር ከተገናኘ፣ በቀላሉ ሲሰላ 0.4 ካሬ ሜትር አረፋ የሚያሳልፈውን ያህል ሙቀት ያሳልፋል። በአንድ ማጠፊያ አራት ቡሎን፣ በአንድ ክንፍ ሦስት ማጠፊያ፣ ሁለት ክንፍ ብንል 24 ቡሎን ይሆናል። ይህ ፉርጎው ላይ ወደ 10 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ግድግዳ እንደ መቀጠል ነው። በእርጥብ ጠዋት የማጠፊያው ቡሎኖች ጫፍ ከውጭ በኩል ሲያልበው ወይም ውርጭ ሲለብስ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሸሚኖው፦

ቡሎን ማን ይበሳል አለሽ? ማጠፊያው የሚታሰረው ከውጭኛው የብረት ክፈፍ ጋር ነው። በስቶ ማለፍ ግድ ከሆነም በመሐሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ፋይበርግላስ ብሎክ ይገባል፤ ቡሎኑ እዚያው ይቆማል። የድሮ ሰዎች ይህን በጣውላ ነበር የሚያደርጉት፤ የበረዶ ፉርጎዎቹ አጥንት እንጨት ስለነበረ የአንቺ ስሌት ሳይደርስባቸው ቆይተዋል።

በረዶውንስ አሰብሽበት? ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አየሩ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ጎማው ላይ ገብቶ ይረጋና በሩን ከመቃኑ ጋር ያጣብቀዋል። የእኔ በር ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ እየተላጠ ይከፈታል፤ እንደ ሙዝ ልጣጭ ትንሽ በትንሽ። ያንቺ 2 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ በር ግን የዙሪያውን 9 ሜትር በረዶ በአንድ ጊዜ ሰብሮ መውጣት አለበት። ክንዱና ዘንጉ የሚጣመሙት እንደዚህ ባለ ቀን ነው።

መሐንዲሷ፦

ለዚያ በጎማው ሥር የሚሞቅ ሽቦ ይዘረጋል፤ በየትኛውም በር አስፈላጊ ነው። ነገር ግን በረዶው ከየት እንደሚመጣ ከተነሳ፣ ሁለታችንም እስካሁን ያላነሳነው ትልቅ ጉዳይ አለ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጅቡቲ ባሕሩ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል የአየር ግፊት 13 ኪሎፓስካል ያህል ይለያያል። እዚህ የተዘጋ ፉርጎ ፍጹም አየር የማያስገባ ቢሆን ኖሮ፣ ጅቡቲ ሲደርስ 5 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን በር ከውጭ የሚጫነው ኃይል ከ6 ቶን በላይ ይሆን ነበር። እርግጥ ማንም ፉርጎ ያን ያህል አይደፈንም፤ ግፊቱ በጉዞው ሰዓታት ውስጥ ይመጣጠናል። የሚመጣጠነው ግን በየት በኩል ነው? መተንፈሻ ካልተሠራለት በጎማው በኩል ነው። እርጥቡ አየር ቁልቁል በተወረደ ቁጥር በጎማው ከንፈር እየተሳበ ይገባል፣ እዚያው ይረጋል። አቀበት ሲወጣ ደግሞ የውስጡ አየር በሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ የበሩ አገጣጠም፣ ማንኛውም ይሁን፣ ከመተንፈሻ ቫልቭ ጋር አብሮ ካልተነደፈ ጎማውን ማስተካከል ብቻ ዋጋ የለውም።

በዚህ ላይ ነው ውታፍ በር የሚሻለው እላለሁ። ግፊቱ ወደ ውጭ ሲሆን ክንዶቹ ቀጥ ብለው ከመሐል ነጥባቸው ስላለፉ በሩ ራሱን አይለቅም።

ሸሚኖው፦

መተንፈሻውን ያነሳሽው አንቺ ነሽ፤ አመሰግንሻለሁ። ከኪሎሜትር በላይ ለሚወርድ መስመር ቀድሞ መታሰብ የነበረበት ነው።

ክንዶችሽ ማዕዘኑን እንደሚይዙ አላጣሁትም። ወገቡንስ ማን ይይዘዋል? ከውጭ በኩል ፀሐይ የመታው፣ ከውስጥ 0 ዲግሪ የሆነ የብረት ላሜራ በር ይለጠጣል፤ ውጭው ይረዝማል፣ ውስጡ ባለበት ይቆያል፣ በሩም ወደ ውጭ እንደ ቀስት ይጎብጣል። አንቺው ልጄ ታሰዪው፤ ቁመቱ 2.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር፣ ልዩነቱ 40 ዲግሪ።

መሐንዲሷ፦

አስልቼዋለሁ፤ ወደ 4 ሚሊሜትር ነው። በአልሙኒየም ቢሠራ እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ሸሚኖው፦

እንግዲህ 4 ሚሊሜትር በወገብ ላይ። ክንዶችሽ ያሉት ከላይና ከታች ነው፤ መሐሉ ላይ ጎማውን የሚጫን ምንም የለም። እኔ ሦስተኛ ማጠፊያ መሐል ላይ አስገባለሁ፣ በመቀርቀሪያው ዘንግ ላይም አንድ ተጨማሪ ንክሻ በወገቡ አበጃለሁ። ያ ጉብጠት ተይዞ ይቀራል።

መሐንዲሷ፦

በዘንጎቹ ወገብ ላይ ሦስተኛ ክንድ መጨመር ይቻላል፤ ማርሹ ግን ከባድ ይሆናል፣ ይህንን አልክድም። ስለ አሸዋውም ሐዲዱን ከበሩ ሥር አንስቼ በሩን ከጉበኑ በላይ ባለ ሐዲድ ማንጠልጠል፣ ከታች ደግሞ መሪ ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ። የፓሌት ጭነት ካለ ግን የበሩን ስፋት አልተውም፤ ለሥጋ ነጋዴ ከፉርጎው ቅዝቃዜ እኩል የሚያሳስበው በሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ሰዓት ነው።

ሸሚኖው፦

ከላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ቢያንስ አሸዋው አያገኘውም። ቢሆንም ሁለቱንም በር ሠርተን በአንድ መንገድ እንፈትናቸው። በጎማው ዙሪያ በየአንድ ክንድ ርቀት ቀጭን ወረቀት ጣል አድርገን በሩን እንዝጋ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ወረቀት እንሳብ። ያለ ችግር የወጣበት ቦታ አየር የሚገባበት ነው። ፈተናው ግን ወርክሾፕ ጥላ ሥር አይሁን፤ ፉርጎው ተጭኖ፣ ማቀዝቀዣው ሲሠራ አድሮ፣ በግንቦት ቀትር፣ ፀሐይ በሩን ፊት ለፊት ስትመታው ይሁን። ወገቡ ላይ ያለው ወረቀት ያን ሰዓት የማይወጣለትን በር እኔ እቀበላለሁ።