ለተከበሩ የስቶክሆልም ሽንት ቤት በር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አላስገባም ስላሉኝ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፣ ጎንበስ ማለቴ ግን ለአክብሮት ብቻ እንዳይመስልዎ።

ክቡርነትዎ ሳያስታውሱኝ አይቀሩም። ባለፈው ማክሰኞ ገና አስር ሰዓት ሳይሞላ ከተማው ጨልሞ (ህዳር ላይ እንዲህ ነው፣ ምሳ በልተሽ ቀና ስትይ መሽቷል) ባቡር ጣቢያው ምድር ቤት ፊትዎ ቆሜ ስቁነጠነጥ የነበርኩት ሴትዮ ነኝ። ትልቁ ጃኬት የጓደኛዬ ነው፣ የኔን ብርዱ ስቆበታል።

ጓደኛዬ ስራ ገብታ ስለነበር ብቻዬን ዞር ዞር ልበል ብዬ ወጣሁ። ቫሳ ሙዚየም ሄድኩ፣ በፈረንጆቹ 1628 በመጀመሪያ ጉዞው ከወደቡ ሳይርቅ የሰመጠውን መርከብ በ1961 አውጥተው አቁመውታል፣ ለሰመጠ መርከብ ሲሆን 333 ዓመት ይታገሳሉ እንግዲህ። ከዛ ጋምላ ስታን የሚሉት አሮጌው ከተማ፣ 90 ሳንቲሜትር የምትሰፋዋን መንገድ ከነጃኬቴ ሾልኬ፣ የቀረፋ ዳቦ በቡና፣ ደግሞ ሌላ ቡና። ጥፋቴ ያ ሁለተኛው ቡና ነው፣ አምናለሁ።

ዋጋዎ 10 ክሮኖር፣ የስዊድን ገንዘብ መሆኑ ነው። ችግር የለም አልኩ፣ 100 ክሮኖር በእጄ አለች። ብሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈለግኩ፣ በጎን ዳሰስኩ፣ ከስር አየሁ፣ የለም። ዘበኛም የለም። ካርድ ብቻ። ካርዴን አስነካሁ፣ ቲጥ አለና ቀይ በራ፣ "ሾፕ ኔካስ"። ደገምኩ፣ ሾፕ ኔካስ። በሹራቤ ጠርጌ ሞከርኩ፣ ያው። ማታ ጓደኛዬ ስትተረጉምልኝ "ግዢው አልተፈቀደም" ነው አሉ። ምን ልገዛ ነበር?!

ሲጨንቀኝ መቶዋን ስክሪንዎ ላይ ለጠፍኳት። ላይዋ ላይ ያለችው የድሮዋ የፊልም ተዋናይ ግሬታ ጋርቦ ናት፣ እዚሁ ስቶክሆልም የተወለደች የሀገርዎ ልጅ፣ ለሷም አልከፈቱም። ከኋላዬ ሰባት ሰው ተሰልፏል፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም፣ ዝምታቸው ግን ማጅራቴን ያቃጥለኛል። መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ የራሱን ካርድ አስነካልኝ፣ መቶዋን ስዘረጋለት ወደኋላ አፈገፈገ፣ እሷም እንደ ቫሳ ከባህር የወጣች መሰለችው።

ስማ አንተ በር። ያቺን ካርድ ለማውጣት ስንት ቀን ባንክ ቤት እንደተገተርኩ ታውቃለህ? ሲስተም የለም ተባልኩ፣ ነገ ነይ ተባልኩ፣ ነገ ስሄድ የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ለቪዛ ደግሞ የባንክ ስቴትመንት፣ የስራ ደብዳቤ፣ ኢንሹራንስ፣ አሻራ። ሀገርህ ለመግባት ገንዘብ እንዳለኝ በማህተም አስመስክሬ ስገባ ያው ገንዘብ ሽንት ቤት አያስገባም? በአውሮፓ መጀመሪያ የወረቀት ብር የታተመው እኮ እዚሁ ከተማህ ነው፣ በ1661! አርባ ዓመቴ ነው፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ በሰው ሀገር ሰልፍ ፊት እግሬን አጣምሬ እንባዬ መጣ፣ ቀልዴን አይደለም።

አዲስ አበባ በር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ዝርዝር የለኝም ስትይው "ግቢ ግቢ፣ ስትወጪ" ይልሽና ሶፍት ቆርጦ ይሰጥሻል።

ስዊሽ የምትባል የስልክ መክፈያ አለች ተብያለሁ። እሷ የስዊድን ባንክ ትፈልጋለች፣ ባንኩ የስዊድን መታወቂያ ይፈልጋል፣ እኔ ሽንት ቤት እፈልጋለሁ።

ጓደኛዬ ታሪኩን ሰምታ ስቃ ስቃ ስታበቃ "ሙዚየሙ ውስጥ እኮ ነጻ ነበር" አለችኝ። እስካሁን አኩርፌያታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አባሪ፦ አንድ 100 ክሮኖር። መልስ 90 ክሮኖር እጠብቃለሁ።

ግልባጭ፦
ለረጅሙ ሰውዬ
ለሁለተኛው ቡና