ከረሜላ የጎረሰ አባት

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ ካለ ሜዳ ዳር ታጣፊ ወንበሬን ዘርግቼ፣ የቡና ፔርሙዜን ከጎኔ አቁሜ ተቀምጫለሁ። ከልጄ የእግር ኳስ ቡድን አስተባባሪዎች አንዷ በወላጆች መካከል እየዞረች ባለ እንጨት ከረሜላ አደለችን። ለልጆቹ መስሎኝ ኪሴ ልከተው ስል «አይ፣ ለአንተ ነው፤ ጉረሰው» አለችኝ።

የዝምታ ቅዳሜ ይሉታል። ወላጅ ከዳር እየጮኸ ልጆቹን ግራ እንዳያጋባ፣ ራሱ ገና ልጅ የሆነውን ዳኛም እንዳያስለቅስ አንድ ቀን አፉን በከረሜላ ይዘጉታል። በእኛ ላይ ደግሞ ሥራው ድርብ ነው፤ የምንጮኸው በሁለት ቋንቋ ነውና።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰባት ለሰባት ሆነው፣ በአራት ቁጥር፣ አነስ ባለች ኳስ ይጫወታሉ። አሥር ዓመት ላልዘለሉ ልጆች ኳስን በጭንቅላት መምታት ክልክል ነው፤ ለአንጎላቸው ሲባል። ከማዕዘን የተሻገረች ኳስ ግንባሩ ላይ ልታርፍ ስትመጣ ጎንበስ ብሎ አሳለፋት። «በቴስታ!» ልል ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከረሜላው ጥርሴ መካከል ተሰበረ።

የዚህ አገር ልጅ ኳስ በነካ ቁጥር ወደ ዳር ይመለከታል። አባቴ አየኝ ወይ? ነው ነገሩ። እኔም አውራ ጣቴን አነሣለሁ፤ እሱ ፈገግ ሲል ኳሷን ሌላው ይዟት ሄዷል። ስንት ጊዜ በእኔ ምክንያት እንደተነጠቀ ብቆጥር አፍር ነበር።

እኛ ጉለሌ ስንጫወት ወደ ዳር የምንመለከተው ለመሸሽ ነበር። ኳሳችን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ በሲባጎ የታሰረ፣ ጎላችን ሁለት ድንጋይ። አባቴ አንድም ቀን ቆሞ አላየኝም። የሚመጣው ድምፁ ነው፤ ያውም «አንተ!» ብቻ። ስም አይጠራም። በዚያች ቃል ሜዳው በሙሉ ቀጥ ይልና የማን አባት እንደሆነ ለመለየት ጆሮ እናቆማለን። ያን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያስቆም ፊሽካ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ኳስ ጠልቶ እንዳይመስላችሁ። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለበትን ቀን ሲያወራ ምሳው ይቀዘቅዝ ነበር። የእኔን ኳስ ነው የማይወደው። አሁን ሳስበው ነገሩ ጫማው ነበር። ሸራ ጫማ የሚገዛልኝ ለመስከረም፣ በዓመት አንዴ ነው፤ ኅዳር ላይ አውራ ጣቴ ብቅ ካለ እስከ ክረምት እንደዚያው ነው። ልጄ በዓመት ሁለት ታኬታ ይቀያይራል። የወቅቱ መዝጊያ ላይ ደግሞ ላሸነፈውም ለተሸነፈውም እኩል ዋንጫ ይሰጣል፤ ይህ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም። ዋንጫውን ግን አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ።

ጩኸት የናፈቀው አባት በጋ ላይ ወደ ኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ይሂድ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በአንዱ የሰሜን አሜሪካ ከተማ እንሰባሰባለን፤ እዚያ ከረሜላ የሚያድል የለም።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። ልጄ አንዴ ዞረ፤ ጣት አላነሣሁም። ሁለተኛ ዞረ፤ ከረሜላ እየመጠጥኩ አየኝ። ከዚያ በኋላ መዞሩን ተወ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ከመሐል ኳስ ነጥቆ፣ ሁለት ልጆች አልፎ፣ ቀና ብሎ አየና ለጓደኛው አቀበለው፤ ጓደኛው አገባ። እንዲህ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ደስ ብሎኛል፤ ቅር ብሎኛልም።

ማታ ቪዲዮውን አዲስ አበባ ላክሁ። እናቴ ደውላ «በዚህ ብርድ በቁምጣ ታስሮጠዋለህ? ልጁኮ ከስቷል» አለችኝ፤ ጎሉን ያየችውም አይመስለኝም። ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ እንዳየው ነገረኝና ትንሽ ዝም አለ።

«አንተ አልነበርክም እንዴ?» አለኝ። «ድምፅህ አይሰማም።»

ነበርኩ አልኩት። የከረሜላውን ነገር አልነገርኩትም።