አማት ማለት «ትወዳለች» ማለት ነው

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝ። ጅማ ውስጥ ቡና ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው። ከቀረህ ምክንያትህ ወይ ለቀብር ወይ ለሆስፒታል የሚበቃ መሆን አለበት። እኔ ሁለቱም አልነበሩብኝም። ሄድኩ።

ለካ ቡናው የእንግዳ መቀበያ ኖሯል። የጎረቤቴ ታናሽ ወንድም ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን፣ ሚስቱንና የ16 ዓመት ልጁን ይዞ መጥቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ፈንዲሻው በሰፌድ ቀርቧል። አቦሉን እንደጠጣን ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ሊሴ ገብታለች፣ ጋሼ። ፈረንሳይኛና ላቲን ነው የምትማረው» አለኝ።

«እሰይ፣ ያሳድግልህ» አልኩ።

«አማርኛው ግን ትንሽ ይከብዳታል» አለና ፈገግ አለ።

እዚች ፈገግታ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ሰው ጉድለቱን ሲናገር ፈገግ አይልም። ስኳር አለብኝ የሚል ሰው ጥርሱን እያሳየ አይነግርህም። ጣሪያዬ ያፈሳል የሚልም እንደዚያው። «ልጄ ቋንቋዬን አታውቅም» የሚል አባት ግን ፊቱ ሎተሪ የደረሰው ይመስላል።

ይባስ ብሎ ወደ ልጅቷ ዞረና «እስኪ ላቲን በይላቸው!» አላት።

ልጅቷ ሲኒዋን ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ጎተተችው። እናቷን አየች፣ እናቷ በክርኗ ነካ አደረገቻት። ከዚያ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ እያየች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «አሞ... አማስ... አማት...» አለች።

ቤቱ አጨበጨበ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ ግራ ገባቸው። «ምን አለች? አማቷን ነው የጠራችው? ገና በ16 ዓመቷ?»

ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ ልመልስ እችል ነበር። ይቺን የላቲን ውዳሴ ከ50 ዓመት በላይ ሆነኝ ካወቅኳት። እዚሁ ጅማ፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1963 ዓ.ም. ትምህርት ቤታችን ፈረንሳይኛ ያስተምረን ነበር። ላቲን የሚባል ትምህርት አልነበረም። ግን ከሴሚናሪ ወጥቶ የመጣ አንድ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ቄስ ሊሆን ገብቶ ሐሳቡን ቀየረ፤ ላቲኑን ግን ሳይመልስ ነው የወጣው። በአንድ ጥብስ በቆሎ አንድ ግስ ይሸጥልኛል። አሞ፣ እወዳለሁ። አማስ፣ ትወዳለህ። አማት፣ ትወዳለች።

አማት ማለት ትወዳለች ማለት ነው! ሳቅ አፈነን። ያኔ የሳቅነው ባናውቅ ነው። አሁን አግብቼ፣ ወልጄ፣ አማትም ኖራኝ ካለፈች በኋላ ስሰማው ሳቁ ትንሽ ቀንሷል። ነፍሷን ይማር።

ሁለተኛው በቆሎ ደግሞ ትእዛዙን ገዛልኝ። በላቲን «ውደድ!» ለማለት «አማ!» ነው የሚባለው። ሮም ውስጥ ጎረቤትህን አማ ሲባል ውደደው ማለት ነው። እኛ ሰፈር ጎረቤቱን አማ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያውም ያለ አስተማሪ፣ ያለ በቆሎ፣ ከአቦል እስከ በረካ።

የፈረንሳይኛ መምህራችን ሳቃችንን ሰማና ሁለታችንንም አስወጣን። እኔ ተማሪ ብቻ ነበርኩ፤ አስተማሪው እሱ ነው። ግን ማን ሰምቶኝ? ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጠጠር ላይ ተንበረከክን። ያን ቀን ነው «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለውን ተረት የወደድኩት።

ይህን ተረት የምወደው ስለማይመክር ነው። ሌሎቹ ተረቶች ይመክራሉ፣ ያስፈራራሉ፣ ተስፋ ይሰጣሉ። ይሄኛው ምንም አይልህም። ለምን እዚያ ተገኘህ አይልም። ይግባኝ የለውም። ተወቀጥ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ትርፍ ጭኖ ትራፊክ ሲያስቆመው፣ ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን ለማስመለስ ግማሽ ሰዓት ሲለማመጥ፣ ውስጥ ያለነው ሰሊጦች ነን።

ታዲያ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ኑግ በላቲን ማን እንደሚባል አወቅኩ። ጊዞቲያ አቢሲኒካ። አቢሲኒካዋ እኛ ነን፣ ደህና። ጊዞስ? ፍራንሷ ጊዞ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ፖለቲከኛ ነው! ኑጋችንን በእሱ ስም ጠሩለት። በፈረንሳይኛ ስሙ ሲጠራ መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» አትሰማም። ላቲን ላይ ስትደርስ ግን ነፍስ ትዘራና «ጊዞቲያ» ትሆናለች። ሰሊጡ ደግሞ ሴሳሙም ኢንዲኩም ነው፣ ህንዳዊው እንደማለት። ስለዚህ የምወደው ተረት በላቲን ሲነገር «ከፈረንሳዩ ፖለቲከኛ የተገኘህ ህንዳዊ አብረህ ተወቀጥ» ይሆናል። ይሄ ተረት ነው ወይስ የዲፕሎማሲ ቀውስ?

ስለማትሰማዋ «ቲ» ከተነሳ አይቀር፣ ከፈረንሳይኛ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ መምህሩ ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን። «ነሐሴ» የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛ ሲያነበው «ኡ» ብቻ ነው የሰማሁት። ሰው ጥርሱን ሲያመው የሚያሰማት ዓይነት «ኡ»። በ«ኦ» እና በ«ዩ» ጻፍኳት። ለካ ከፊቷ «ኤ»፣ ከኋላዋ «ቲ» ነበራት። ዩዋ ላይም ባርኔጣ ነበረ። ነሐሴ ዝናብ ስለሆነ ይሆናል። እኔ ባርኔጣውን ስላላደረግኩላት ዝናቡ እኔ ላይ ዘነበ። 49 አገኘሁ። ማለፊያው 50 ነበር። አንድ ማርክ! ያቺን አንድ ማርክ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። መምህሩ በሕይወት ካለ ይቅር ብዬዋለሁ። ባርኔጣዋን ግን አልማራትም።

ውሃንም በሦስት ፊደል ይጽፏታል። «ኢ»፣ «ኤ»፣ «ዩ»። ሲያነቧት ግን «ኦ» ናት፤ ከሦስቱ አንዷም «ኦ» አይደለችም። ቁጥሩማ አይነሳ። 99 ለማለት «አራት ሃያ፣ አስር ዘጠኝ» ይላሉ። ሄርማታ ገበያ ላይ 99 ብር እንዲህ ብለህ ብትጠራ፣ ደምረህ ሳትጨርስ ገዢው ሌላ መደብ ሄዷል።

እውነት ለመናገር እኛም ብንሆን የምንኮራበት ነገር የለንም። ያችኑ ነሐሴን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ በሃሌታው «ሀ» ጽፌ በማስመሪያ ጣቴን ተመትቻለሁ። በሐመሩ «ሐ» ነው አሉኝ። ሲነበቡ ልዩነታቸውን ንገሩኝ ብል ሌላ ማስመሪያ። ለአንድ ድምፅ ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ እያልን ሦስት ፊደል ይዘን የፈረንሳዮችን «ቲ» እንታዘባለን። ነሐሴ በሁለት ቋንቋ ያስመታኝ ብቸኛው ወር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ላቲን የሚማር ልጅ ሀ ብሎ የሚጀምረው «እወዳለሁ» በሚለው ግስ ነው። የኛ የግዕዝ ተማሪ ግስ ሲገባ የሚጀምረው በምንድን ነው? በ«ቀተለ»። ገደለ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ቀደሰ» ነው። መጀመሪያ ገደለ፣ ቀጥሎ ቀደሰ። የሀገራችንን ታሪክ ጠቅለል አድርጎ ማስተማር የፈለገ መምህር ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል አያገኝም። ቅኔ ቤት የዋሉ ወዳጆቼ ይሄን ስል ይቆጣሉ፤ ይቆጡ።

ወደ ቡናው ልመለስ። ጭብጨባው እንደበረደ ሰውዬው ቶናውን ፉት አለና ዓይኑን ጨፈነ። «እህ! ይሄ ነው ኦሪጅናሉ አራቢካ!» አለ።

በቃ። ልጅቷን እንኳ ይቅር ልል ነበር። አራቢካ ግን አልችልም።

ቡና ከጅማና ከአካባቢዋ ጫካ ነው የወጣው። እኛ ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ነው እንላለን። ከፋዎች ማኪራ ነው ይላሉ። በዚህ ጉዳይ የቦንጋ ዘመዶቼ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው ያለን። የመን ነው የሚል ግን በመካከላችን የለም። ቡናው ባሕር ተሻግሮ የመን ገባ፣ ከሞካ ወደብ ወደ አውሮፓ ተጫነ። አውሮፓ ሲደርስ የተጠየቀው «የት ተወለድክ?» ሳይሆን «የት ተሳፈርክ?» ነው። መጀመሪያ አንትዋን ደ ዡስዩ የሚባል ፈረንሳዊ የእጽዋት ሊቅ በላቲን «የአረብ ጃስሚን» አለው። ከዚያ ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «ኮፊያ አራቢካ»፣ የአረብ ቡና፣ ብሎ ጻፈ። አለቀ። ፈረንሳዩና ላቲኑ ተባብረው ነው የሠሩን። እኔ ከጅማ አዲስ አበባ ስሄድ ወሊሶ ወርጄ ምሳ እበላለሁ። በዚህ ምክንያት የወሊሶ ተወላጅ ተብዬ አላውቅም።

ስለ ጫትም ልንገራችሁ። ካታ ኤዱሊስ ነው ስሙ። ኤዱሊስ ማለት «የሚበላ» ነው። የሚበላ! ጅማ መጥቶ አንድ ከሰዓት ከቃሚ ጋር የተቀመጠ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም።

ይሄን ሁሉ በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ «አዎ፣ ጥሩ ቡና ነው» ነው ያልኩት። የሰው ቤት ነው።

የተናደድኩት ግን በሰውዬው ብቻ አይደለም። እሱስ ልጁ የምትኖረው ሊዮን ነው፤ እዚያ ፈረንሳይኛ ባትችል ዳቦም አትገዛም። እዚሁ ያለነውስ? ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤቱ እያለቀሰ መጣ። በክፍለ ጊዜ መካከል በአማርኛ «ውሃ ጠማኝ» ብሎ ተገኝቷል። ቅጣቱ አስር ብር። በእንግሊዝኛ «ውሃ» ማለት ያውቃል። «ጠማኝ» የምትለዋ ናት ያቃተችው። ልጁ ለሁለተኛዋ ቃል እያሰበ ምን ያህል ይጠማ? ሄጄ ጠየቅኩ። «ለቋንቋው እድገት ነው፣ አባባ» አሉኝ። ለየትኛው ቋንቋ እድገት እንደሆነ ብጠይቅ በእንግሊዝኛ መለሱልኝ። አስር ብሩን ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ወጣሁ። ደረሰኙ ላይ «ልዩ ልዩ ገቢ» ይላል። በአማርኛ።

ሄርማታ ገበያ ኮረሪማ የምገዛት ሴት አለች። አንድ ቀን ቆሜ ሰማኋት። እኔን በአማርኛ ትከራከረኛለች። አጠገቧ ካለችው ጋር በኦሮምኛ ትቀልዳለች። ጆንያ ያወረደላትን ልጅ በዳውሮኛ ትቆጣዋለች። ከየም የመጣ ነጋዴ ሲደርስ ደግሞ በየምኛ ሰላም ብላው ወዲያው ዋጋ አስቀነሰችው። አራት ቋንቋ፣ ኮረሪማው ተመዝኖ ሳያልቅ። ማንም «እስኪ ዳውሮኛ በይላቸው!» ብሎ አላጨበጨበላትም። ፎርም ስትሞላ «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ ነው የሚደረግላት። መልስ ስትሰጠኝ ግን አንድም ቀን አንድ ብር ተሳስታ አታውቅም።

በረካው ተጠጣ፣ ተመረቀ፣ ተነሳሁ። ዝናቡ አላባራም። ልጅቷ ጃንጥላ ይዛ እስከ በር ሸኘችኝ። ጭቃው ላይ ነጭ ጫማዋን እየዘለለች ነው የምትሄደው። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ጋሼ... ለምን ሳቁ? አማት ምንድነው?» አለችኝ። በአማርኛ። «ን» እና «ም» ላይ ትንሽ በአፍንጫዋ ከመሄዷ በቀር ጥርት ያለ አማርኛ።

የባል እናት ማለት ነው አልኳት። የሚስትም እናት። ቆም ብላ አሰበችና ፍርስ ብላ ሳቀች። «አማት... አማት!» ትላለች፣ ጃንጥላው እየተንቀጠቀጠ እኔ እርሳለሁ።

«በላቲን እኮ አማት ሶክሩስ ነው የሚባለው» አለችኝ።

ሶክሩስ። ሁለት በቆሎ ከፍዬ ያ ልጅ ይቺን አላስተማረኝም።