ለማንም ክፍት የሆነ ወንበር

ሐሜት ሆኖብን እንጂ፣ እንደ አዲስ አበባ ዳር ፍትሐዊ የሥራ ቅጥር የት ይገኛል? ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሄዱ የየመጋዘኑንና የየፋብሪካውን አጥር ተመልከቱ። ማስታወቂያው ተለጥፏል፤ ለማንም ክፍት ነው። ክፍት ያልሆነው ወንበሩ ብቻ ነው። እሱም ሰው ስላለበት ነው። የኃላፊው የእህት ልጅ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ተቀምጦበታል። የተቀመጠን ልጅ ማስነሳት ደግሞ በባህላችን ነውር ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ለምን ወጣ? ለደንቡ ነዋ! ደግሞስ በሩ አጠገብ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት በምን ትተዳደር? አመልካቹ ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ቀያይሮ ይመጣል። «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዞ» ስለተባለ ያለ የሌለ ወረቀቱን ኮፒ ያስደርጋል። አለመመለሱ ላይ ድርጅቶቻችን ቃላቸውን ያከብራሉ። እኔ ራሴ ቆሎ የተጠቀለለልኝ ወረቀት ላይ የአንዲት አካውንታንት ውጤት አንብቤያለሁ። 3.6 ነው። ጎበዝ ልጅ ናት።

በብሔርም ማዳላት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ ብሔር የሚባል ነገር አይጠየቅም። የሚጠየቀው ስም ነው፤ እስከ አያት። ስሙ ካላጠገበ «ትውልድህ የት ነው?» ይከተላል። ይኼ መቼም ጨዋታ ነው።

ለአካል ጉዳተኞች ያለንን አክብሮት ደግሞ ፈተናውን አራተኛ ፎቅ ላይ በማድረግ እንገልጻለን። ከፍ ያለ ቦታ ነው። ሊፍቱ «በቅርቡ ይሠራል»። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛው ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠው ይላል። በክራንች ደረጃ ሥር የቆመ ሰው አልተፈተነም። ያልተፈተነ ሰው ውጤት ደግሞ ከማንም ጋር አይቀራረብም። ሕጉ የት ተጣሰ? ይኸው አዋጅ አድልዎ ደረሰብኝ ባዩን ማስረጃ አምጣ አይለውም፤ አለማዳላቱን አሠሪው ያስረዳ ይላል። አሠሪውም ያስረዳል። «አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቷል እኮ!

ሴቶችማ ሲበረታቱ ለጉድ ነው። «አግብተሻል?» ይባላሉ። «እጮኛስ? ምን ይሠራል? ልጅስ መቼ አሰባችሁ?» የገዛ አክስታቸው እንኳ እንዲህ አልተጨነቀችላቸውም። አንዳንድ ክፉ ሰዎች ይኼን ጥያቄ ከወሊድ ፈቃድ ጋር ያገናኙታል። ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ ያውም ከነደመወዟ። አዎ፣ ሥራ አስኪያጁ መደመር ያውቃል። ግን የሚጠይቀው ከአባትነት ስሜት ነው። ደግሞ ለእንግዳ ተቀባይነት ስታመለክት ሙሉ ቁመቷ የሚታይበት ፎቶ ቢጠየቅ ምን ክፋት አለው? ስልክ የሚነሳው በቁመት ነው።

መልሱም ቢሆን እንደልቧ ነው። ልጅ አስባለሁ ካለች እሷን መቅጠር ራሷን ማንገላታት ነው፤ ታዝኖላት ትሰናበታለች። አላስብም ካለች ኃላፊው ይደነግጣል። «ምን ዓይነት ሴት ናት? ልብ የላትም እንዴ?» በሥነ ምግባር ትወድቃለች። እግዜር ያውቃል ካለች «ቆራጥ አይደለችም» ተብሎ ይጻፍባታል።

ከኋላዋ የገባው ተፈታኝ ወንድ ነው። ማንም ሳይጠይቀው «የአምስት ልጆች አባት ነኝ» አለ። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው በመገኘቱ ሁሉም ደስ አላቸው። አንደኛ ተጠባባቂ አድርገው ያዙት።