ፍርዱ ይቅደም፣ ማስረጃው ይደርሳል

ከሕዝብ ልማዶች ሁሉ እንደዚህኛው ምስጋና የተነፈገ የለም። ሰውየው ጉዳዩን ገና ሲሰማ ደስ ይለዋል ወይም ይከፋዋል፤ በዚያች ቅጽበት ውሳኔው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ምክንያት ፍለጋ ይሰማራል፤ ሲያገኝም «ነገሩን ከየአቅጣጫው መርምሬ፣ ስሜቴን ወደ ጎን ትቼ የደረስሁበት ድምዳሜ ነው» ብሎ ለተሰብሳቢው ያበሥራል። ቀጣሪው አመልካቹን ገና በሰላምታው ጠልቶት «የሥራ ልምዱ አላረካኝም» ይላል፤ ተከራካሪውም የባላጋራውን ስም ሲሰማ ደሙ ፈልቶ «አኃዞቹን በጥሞና ስመለከት» ብሎ ንግግሩን ይከፍታል። ፍርዱ ከምርመራው በፊት የሚደርስበት እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል?

ድሮ ነገሩ አድካሚ ነበር። ፕላቶ ነፍስን ሁለት ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ መስሎ፣ አንደኛው ፈረስ ጨዋ ሌላኛው እምቢተኛ በመሆኑ አእምሮ ልጓሙን ጨብጦ ሁለቱንም ሊገራ ይገባዋል ብሎ ነበር። ዛሬ ሥራው ቀሏል። ፈረሶቹ ወደ ወደዱት ሣር ይሄዳሉ፤ ነጂው ተኝቶ ይጓዝና ሲደርሱ ተነሥቶ መንገዱን ለምን እንደ መረጠው ሰፊ ገለጻ ይሰጣል። ፈረሶቹ ጠግበዋል፣ ነጂው አልደከመም፣ ልጓሙም እንደ አዲስ ነው።

በዚህ ጥበብ ከቀደሙት መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይገኝበታል። በወጣትነቱ ዓሣ ማጥመድን ያለ ምክንያት ነፍስ እንደ ማጥፋት ቆጥሮ ከመብላት ታቅቦ ሳለ፣ በአንድ የባሕር ጉዞ ላይ መርከበኞቹ ያጠመዱትን ዓሣ ሲጠብሱ ሽታው አወደው። በመርሁና በፍላጎቱ መካከል ጥቂት ሲዋልል ቆይቶ፣ ትልልቆቹ ዓሦች ሲሰነጠቁ ከሆዳቸው ትንንሽ ዓሦች መውጣታቸውን አስታወሰ፤ እናንተ እርስ በርሳችሁ ከተበላላችሁ እኔ የማልበላችሁ ለምንድን ነው ብሎም እስኪጠግብ በላ። ቅደም ተከተሉን አንባቢ ያስተውልልኝ፤ ሽታው ቀደመ፣ ፍልስፍናው ተከተለ። የፍራንክሊን ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ሰው አሳቢ ፍጡር መሆኑ ለሚሻው ነገር ሁሉ ምክንያት ለማግኘት ወይም ለመፍጠር እንደሚመቸው ራሱ በጽሑፍ አጋለጠ። የዛሬዎቹ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠሩም።

ሳይንስም ለዚህ ልማድ ያደረገው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአንጎል ተመራማሪው ማይክል ጋዛኒጋና ባልደረባው፣ ለከባድ የሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ የተቆረጠበትን አንድ ታካሚ ፈተኑ። ንግግርን ለሚመራው ለግራው አንጎል የዶሮ እግር፣ ለቀኙ አንጎል ደግሞ በረዶ የወረደበት ስፍራ አሳዩና ተዛማጅ ሥዕል እንዲመርጥ ጠየቁት። ቀኝ እጁ ዶሮ መረጠ፤ በቀኙ አንጎል የሚታዘዘው ግራ እጁ ግን የበረዶ መዛቂያውን አካፋ አነሣ። አካፋው ለምን እንደ ተመረጠ ሲጠየቅ፣ በረዶውን ፈጽሞ ያላየው ግራ አንጎል «አላውቅም» ማለት በተገባው ነበር። እርሱ ግን ቅንጣት ሳያመነታ የዶሮውን ቤት ለማጽዳት አካፋ ያስፈልጋል ብሎ መለሰ። ብዙ አንባቢ ለታካሚው ሊያዝን ይችላል፤ እኔ ግን በመልሱ ውስጥ የስንቱን መግለጫ አጻጻፍ አየሁበት። ዐረፍተ ነገሩ የተስተካከለ ነው፣ ምክንያቱም ከምርጫው ጋር ይገጥማል፤ የጎደለው እውነተኛው መነሻ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ያለ ቀዶ ሕክምና እንሠራዋለን።

ለዚህም ምስክር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ አራት ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ የናይለን ስቶኪንግ (የሴቶች ረጅም ካልሲ) ደርድረው ሰዎች የተሻለውን እንዲመርጡ አደረጉ። ከግራ ወደ ቀኝ 12፣ 17፣ 31 እና 40 በመቶው ተመረጠ። ቦታው ተጽዕኖ አድርጎባቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ሁሉም ማለት ይቻላል ካዱ፤ ጠያቂውንም ጤንነቱ እንዳጠራጠራቸው ሆነው ተመለከቱት። ክብሩን የሚወድ ሰው እጁ በቀኙ ያለውን እንዳነሣ እንዴት ያምናል?

ደመ ነፍስን ግን ማንም አይናቀው፤ ቅድመ አያቶቻችንን ከእባብ ያስመለጠ እርሱ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ፊቱን ወደ ወፍራም መስታወት አስጠግቶ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው መርዛም እባብ ቢወረወርበት እንኳ ላለመሸሽ ቆርጦ ቆሞ ነበር፤ እባቡ ሲወረወር ግን ወደ ኋላ ዘለለ፤ ፈቃዱና አእምሮውም እንዳልረዱት ጻፈ። ምን ያህል የዋህ ሰው ነው! ከእኛ ሰዎች አንዱ ቢሆን ኖሮ «መስታወቱን ሰፊ ዕይታ ከሚሰጥ ርቀት ለመገምገም ስል ወደ ኋላ ተራመድሁ» ባለ ነበር።

ጥቂት ነገረኞች ታዲያ ስሜት መቅደሙን አንከለክልም፣ ነገር ግን ምክንያት ራሱ ባልተገኘበት ስብሰባ እንደ ተሳተፈ ሆኖ በቃለ ጉባኤው ላይ አይፈርም ይላሉ። ከዚያም አልፈው፣ እያንዳንዱ ተናጋሪ ሐሳቡን ከማቅረቡ በፊት «ምን ዐይነት ማስረጃ ባገኝ አቋሜን እለውጣለሁ?» የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ይመልስ የሚል ደንብ ሊያመጡ ይፈልጋሉ። እኔ ይህን ደንብ ርእሱን እንዳነበብሁ ተቃውሜዋለሁ፤ ከብዙ ጥናት በኋላ የደረስሁባቸውን ምክንያቶች ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት መፈለግ እጀምራለሁ።