በሽምደዳ የተገኘ ሰርተፊኬት የተቋረጠ ኔትወርክ አይጠግንም

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ለመቅጠር ባዘጋጀው የተግባር ፈተና ላይ በፈታኝነት ተገኝቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ስዊች የተባሉ፣ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙ ሁለት መሣሪያዎች በኬብል ተገናኝተው ተቀምጠዋል። ቪላን 10 (ቪላን ማለት በስዊች ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ ነው) ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ከአንዱ ስዊች ወደ ሌላው ይገናኛሉ፤ ቪላን 20 ውስጥ ያሉት ግን አይገናኙም። ምክንያቱ በአንደኛው ስዊች ትራንክ፣ ማለትም ሁለቱን ስዊቾች በሚያገናኘው መስመር፣ ላይ እንዲያልፉ ከተፈቀዱት ቪላኖች ዝርዝር ውስጥ 20 ቁጥር አለመኖሩ ነው። ሲሲኤንኤ የተባለውን፣ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠውን የሰርተፊኬት ፈተና ካለፈ ገና አራት ወር ያልሞላው አንድ ወጣት ችግሩን ቶሎ አገኘውና «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 20» የሚለውን ትእዛዝ ጻፈ። ቪላን 20 ተገናኘ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ቪላን 10 ተቋረጠ። ከ«ቪላን» ቀጥሎ «አድ» የምትለው ቃል ካልገባች፣ ስዊቹ በነበረው ዝርዝር ላይ አይጨምርም፤ የነበረውን አጥፍቶ በአዲሱ ይተካዋል። ወጣቱ ኬብሉን ነቅሎ መልሶ ሰካ፣ ከዚያም ዝም አለ። ይህ ስህተት በሥራ ሰዓት በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ቢፈጸም ኖሮ አንድ ሙሉ ፎቅ ሥራ ያቆም ነበር።

እንዴት እንደተዘጋጀ ስጠይቀው ሳይደብቅ ነገረኝ። ከጓደኞቹ ያገኘውን «ዳምፕ»፣ ማለትም ሾልከው የወጡ ጥያቄዎችንና መልሶቻቸውን የያዘ ፋይል፣ ለሦስት ሳምንት ሸምድዶ ነበር የገባው። ብዙ ወጣቶች ዛሬ እርስ በርሳቸው የሚመካከሩት ይህንኑ ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፣ ዳምፑን ይዞ መግባት ይበቃል ይላሉ። እኔ ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሆኖም ከምን እንደመጣ ይገባኛል። የሲሲኤንኤ ፈተና ክፍያ 300 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ዋጋ 17 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ከ35 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። የወደቀ ሰው ደግሞ ዳግም ለመፈተን እንደገና መክፈል አለበት። እቁብ እስኪደርሰው የጠበቀ ወይም ውጭ አገር ያለች እህቱን ያስቸገረ ልጅ መውደቅን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዳምፕ ያንን ገንዘብ አያድነውም። ሲስኮ ተፈታኙ ሾልከው የወጡ ጥያቄዎችን መጠቀሙን ካረጋገጠ ሰርተፊኬቱን ሊሰርዝ ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ ከላይ የተነገረው ዓይነት ጠረጴዛ የትም ይጠብቀዋል። በቃል መያዝን ከእነጭራሹ አልነቅፍም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የሌላውን ቅኔ መድገም አይበቃውም፣ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የሰብኔት ስሌትም፣ ማለትም አንድን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ ክፍሎች የመከፋፈል ስሌት፣ እንዲሁ ነው። 192.168.10.77 የተባለው አድራሻ የክፍሉን ስፋት በሚወስነው ቁጥር በ/26 ሲሆን ኔትወርኩ 64 ላይ ይጀምራል፣ ብሮድካስቱ፣ ማለትም ለሁሉም በአንዴ የሚላክበት የመጨረሻው አድራሻ፣ 127 ነው፣ ለመሣሪያዎች የሚሰጡትም 62 አድራሻዎች ናቸው። እዚያው አድራሻ ላይ /26ን ወደ /27 ብንለውጠው ብሮድካስቱ 95 ይሆናል፣ አድራሻዎቹም ወደ 30 ይወርዳሉ። የመጀመሪያውን መልስ የሸመደደ ሰው ሁለተኛው ላይ ይቆማል፤ የሁለቱ ክፍሎች ስፋት የሆኑት 64 እና 32 ከየት እንደመጡ የገባው ግን የትኛውንም ቁጥር ቢሰጡት ይሠራዋል።

የትኛውን ሰርተፊኬት እንምረጥ የሚለውን ጉዳይ በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ኮምፕቲያ የተባለው ተቋም የሚሰጠው ኔትወርክ ፕላስ ከየትኛውም አምራች ጋር ያልተያያዘ ነው፤ ቢበዛ 90 ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ ይሠሩበታል፣ ማለፊያውም ከ900 ነጥብ 720 ነው። ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ወይም ወደ ሳይበር ደኅንነት ለሚያመራ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ራውተርና ስዊች ላይ መሥራት ለሚፈልግ ግን፣ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ ሲሲኤንኤን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ትእዛዝ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ቴሌኮም አካባቢ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ደግሞ የአገራችን የቴሌኮም መሠረተ ልማት በአብዛኛው በሁዋዌና በዜድቲኢ መሣሪያዎች የተዘረጋ መሆኑን አስታውሶ የሁዋዌን የመነሻ ሰርተፊኬት፣ ኤችሲአይኤን፣ ቢመለከት መልካም ነው። ሦስቱም ለሦስት ዓመት ብቻ የሚያገለግሉ ስለሆነ፣ ሥራ ፍለጋው ከመድረሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ መፈተን ጥቅሙ አይታየኝም።

ዝግጅቱ ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል። ኔትወርክን ያለ እውነተኛ መሣሪያ አስመስሎ የሚያለማምደው፣ ፓኬት ትሬሰር የተባለው የሲስኮ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል። የሚሠራ ኔትወርክ መገንባት የመማሩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የገነቡትን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ጓደኛ ካለ በየተራ አንዱ አበላሽቶ ሌላው ያስተካክል፤ ከሌለ ዛሬ አበላሽቶ፣ የነካውን ሳይጽፍ አስቀምጦ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መፈለግ ይቻላል። ያ ወጣት «አድ»ን ረስቶ አንድ ጊዜ ቤቱ ኔትወርኩን ቢያፈርስ ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም ነበር። ሥራ ይዞ ማታ ማታ ለሚያጠና ሰው አራት ወይም አምስት ወር ተገቢ ጊዜ ይመስለኛል። የሲሲኤንኤ ፈተና 25 በመቶ የአይፒ ግንኙነትን፣ ማለትም ዳታ ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚሄድበትን መንገድ መምረጥን (ራውቲንግን) ስለሚመለከት የጥናት ሰዓቱም እንደዚያው ይከፋፈል። በፈተናው ላይ ወዳለፉት ጥያቄ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ በ120 ደቂቃው ውስጥ የሰብኔት ጥያቄን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መሥራት የለመደ ሰው ለረጃጅሞቹ ጥያቄዎች ጊዜ ይተርፈዋል።

ቀጣሪዎችም ድርሻ አላቸው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሲሲኤንኤ ያለው» ብለው ጽፈው፣ ቃለ መጠይቁ ላይ የኦኤስአይን፣ ማለትም የኔትወርክን አሠራር በደረጃ የሚገልጸውን ሞዴል፣ ሰባት ንብርብሮች በቅደም ተከተል የሚያስጠሩ መሥሪያ ቤቶች ዳምፕ የሸመደደውን ልጅ ራሳቸው ይመርጡታል። ብዙ ድርጅት ስቶር ውስጥ ከአገልግሎት የወጡ ስዊቾች ተደርድረው ይገኛሉ። ሁለቱን አውጥቶ፣ በኬብል አገናኝቶ፣ አንድ ነገር አበላሽቶ ለአመልካቹ ሃያ ደቂቃ መስጠት ምንም ወጪ አይጠይቅም።